የጥንቱን አመድ የሚለየው የሌዘር ልኬት እንዴት ይሰላል?

ባሕር ዳር፦ የጣና ሐይቅ መካከለኛ ክፍል ከ16 ሺህ 700 እስከ 15 ሺህ 100 ዓመታት በፊት የደንገል ረግረግ እንደነበረ፣ ሐይቁም ከ14 ሺህ 750 ዓመታት በፊት እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ እንደጀመረ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አመልክቷል። ማስረጃው ከሐይቁ ወለል የወጣ ደለል ነው።

በካርቦን የሚደረግ የዕድሜ ልኬት ከ50 ሺህ ዓመታት ገደማ ስለማያልፍ፣ ለዚያ ቀደም ላሉ የአፈር ንብርብሮች ተመራማሪዎች የእሳተ ገሞራ አመድ ይፈልጋሉ። በአማራ ክልል መተማ አካባቢ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር በተካሄደ ቁፋሮ የተገኙ በዓይን የማይታዩ የመስታወት ቅንጣቶች ከ74 ሺህ ዓመታት በፊት በኢንዶኔዥያ ከፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ የመጡ መሆናቸው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። የተለዩትም በኬሚካዊ ቅንብራቸው ነው።

እንዲህ ያለውን ቅንብር ለመለካት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ከሌዘር ጋር የተጣመረው ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። ሌዘሩ የናሙናውን ገጽ እጅግ በጠበበ ነጥብ ላይ ይመታል፤ የተነሣውን ብናኝ የሂሊየም ጋዝ ወደ ጋለ የአርጎን ፕላዝማ ይወስደዋል። በዚያ የኤሌክትሪክ ሙል የያዙትን አተሞች መሣሪያው በክብደታቸው እየለየ በሰከንድ ስንት እንደደረሱ ይቆጥራል። ሌዘሩ ከመተኮሱ በፊት ባዶው ጋዝ ይቆጠርና ከውጤቱ ላይ ይቀነሳል።

ይሁንና ይህ ቆጠራ ገና የንጥረ ነገሩ መጠን አይደለም። ሌዘሩ ከአንዱ ናሙና ብዙ፣ ከሌላው ጥቂት ብናኝ ሊያነሣ ይችላል። ለዚህም መጠኑ አስቀድሞ በሌላ መሣሪያ የታወቀ አንድ ንጥረ ነገር፣ በመስታወት ብዙውን ጊዜ ሲሊከን፣ እንደ ውስጣዊ መመዘኛ ይወሰዳል።

ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ ንጥረ ነገር መጠን በሚሊዮን 40 እንደሆነ የሚታወቅ ማመሳከሪያ መስታወት ለንጥረ ነገሩ 4 ሺህ፣ ለሲሊከን 100 ሺህ ቆጠራ ሰጠ እንበል። ናሙናው ደግሞ 6 ሺህ እና 50 ሺህ ሰጠ፤ የሁለቱ የሲሊከን መጠን እኩል ነው። ቆጠራው በቀጥታ ቢነጻጸር ውጤቱ በሚሊዮን 60 ይሆናል። ከናሙናው የተነሣው ብናኝ ግማሽ ብቻ መሆኑን ሲሊከኑ ስለሚያሳይ ግን ትክክለኛው በሚሊዮን 120 ነው። ከእጥፍ የማያንስ ልዩነት አንዱን እሳተ ገሞራ ሌላ ሊያስመስለው ይችላል።

የመሣሪያው ንቃት በሰዓታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ ማመሳከሪያው በየመሀሉ ደጋግሞ ይለካል። ከባዶው ጋዝ መዋዠቅ በግልጽ ያልበለጠ ቆጠራ በሠንጠረዥ ሲሰፍር «ዜሮ» ሳይሆን «ከመለኪያ ወሰን በታች» ተብሎ ይጻፋል፤ ወሰኑም አብሮ ይገለጻል።