ከዐለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን

በጥያ የሚኖር ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ የቆሙትን ድንጋዮች ያያል። እነርሱም 36 ናቸው፤ ከእነርሱም በ32ቱ ላይ ሰይፍና ሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። የአገሩ ሰዎች «የግራኝ ድንጋይ» ይሏቸዋል። ነገር ግን ሊቃውንት ሥራቸውን ቈፍረው መቃብር አገኙ፤ ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ተረዱ። ግራኝ አሕመድ የሞተው በ1535 ዓመተ ምሕረት ነው። እንግዲህ ድንጋዮቹ እርሱ ሳይወለድ ቆመው ነበር። ሰው የአሮጌ ነገር ባለቤት ቢጠፋበት የሚያውቀውን ስም ይሰጠዋል።

በዚያው ዘመን ገደማ፥ ከጥያ እጅግ ሳይርቅ፥ ድንጋይ የሚጠርቡ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ግን ድንጋዩን ወደ ላይ አላቆሙትም፤ ራሳቸው ወደ ውስጡ ገቡ እንጂ። ሥራቸውም አዳዲ ማርያም ትባላለች። ከጥያ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው በመካከል ወደ ምዕራብ ቢታጠፍ ያገኛታል። ከሩቅ ግን አትታይም፤ ከመሬት በታች ናትና።

ሌላ ቤት ሲሠራ አስቀድሞ መሠረቱ ይጣላል፥ ቀጥሎ ግድግዳው ይቆማል፥ በመጨረሻ ክዳኑ ይከደናል። የዐለት ቤት ግን ከላይ ይጀመራል። ሠራተኛው በዐለቱ ዙሪያ ጥልቅ ቦይ ይቈፍራል፤ በመካከል የቀረውን ታላቅ ድንጋይ ይጠርበዋል፤ ከዚያም በር ከፍቶ ገብቶ ውስጡን ይፈለፍለዋል። ዓምድ ከውጭ አምጥቶ አያቆምም፤ ዓምድ የሚሆነውን ትቶ በዙሪያው ያለውን ያወጣል እንጂ። ስለዚህ ዓምዱም ግድግዳውም ጣራውም አንድ ድንጋይ ነው። የጭቃ ግድግዳ ቢፈርስ እንደ ገና ይመረጋል፤ የእንጨት ዓምድ ቢሰበር በሌላ ይለወጣል። የዚህ ሠራተኛ እጁ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ግን የወደቀው ድንጋይ ተመልሶ አይገባም።

የሠራት ንጉሥ ላሊበላ ነው፥ ወደ ዝቋላ ሲሄድም በዚያ አልፏል ተብሎ ይተረካል። በግራኝ ጦርነት ጊዜ ተጐዳች፤ ካህናቱም ተበተኑ ይባላል። ከዚያ በኋላ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድረስ ቅዳሴ ሳይሰማባት እንደ ቈየች ይነገራል። በዚያ ጦርነት ከእንጨት የተሠሩት ቤተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ተቃጥለው ዐመድ ሆኑ፤ ድንጋይ ግን እሳት አይበላውም። የዐለት ቤት ጠላቱ ውኃ ነው። የሚጠርግ ሰው በጠፋ ጊዜ አፈር በቦዩ ይሞላል፤ ሣር በጣራው ይበቅላል፤ የሣሩ ሥር ስንጥቁን ያሰፋል፤ ዝናቡም በዚያ ይገባል። እኔ እንደማስበው ሰው የተወው ቤት ከተወጋው ቤት ይልቅ ቶሎ ያረጃል። በ1990ዎቹ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ከስዊስ አገር በተገኘ ርዳታ ታድሳለች፤ ዛሬም ይቀደስባታል።

ልጅ ሳለሁ መምህራችን ወደዚያ ወሰዱን። ጫማችንን አውልቀን ወደ ቦዩ ወረድን፤ በበሩም አጐንብሰን ገባን። በመጀመሪያ ምንም አላየሁም። ቈይቶ ግን በትንሹ መስኮት የገባው ብርሃን በዓምዱ ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ ከበሮውም በጥግ ተቀምጦ ነበር። መቅደሱ በመጋረጃ ተጋርዷል። ግድግዳውን በእጄ ብዳስሰው እንደ ተልባ ለስላሳ አልነበረም፤ እንደ ታረሰ እርሻ ትልም ትልም ነበረው።

በኪሴ ሚስማር ነበረኝ። ባልንጀሮቼ ወደ ፊት ሲያልፉ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁና ስሜን ልጽፍ የመጀመሪያውን ፊደል ጀመርሁ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ከኋላዬ ቆመው ነበርና አዩኝ። እኔም ፈራሁ፤ እርሳቸው ግን አልተቈጡም።

«ልጄ፥ ይህን ቤት የፈለፈለው ሰው ስሙን የጻፈበትን ስፍራ አሳየኝ» አሉኝ።

ግድግዳውን ዞሬ ፈለግሁ። «አባ፥ የለም» አልኋቸው።

ጣቴን ይዘው በአንዱ ትልም ውስጥ አኖሩት። «ይህ የመሮው ምት ነው። እያንዳንዱን ሲመታ ከዓምዱ እንዳይነካ ይጠነቀቅ ነበር። አንተ አሁን ያወጣኸውን አቧራ መልሰህ ልትለጥፈው ትችላለህን?» አሉ።

ወደ መሬት ብመለከት ጥቂት ነጭ አቧራ በእግሬ አጠገብ ወድቆ ነበር። የምመልሰው ቃል አጣሁ። ሚስማሩን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ይቅርታም ለመንኋቸው። እርሳቸውም ሚስማሩን አገላብጠው አይተው፥ «ይህስ ጥሩ ነው» አሉና በውጭ ወዳለው አጥር ይዘውኝ ወጡ። በዚያ የተላቀቀ የእንጨት መዝጊያ ነበር። እኔ ሳንቃውን ደግፌ ያዝሁ፤ እርሳቸውም በድንጋይ እየመቱ ሚስማሩን አስገቡት።