መንግሥቱ ወደቀ እንዴ? በ56 ወንበር ስለቆመው መንግሥት

ባለፈው ቤት ቁጭ ብለን ዜና ስናይ አያቴ «መንግሥቱ ወደቀ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይ፣ የአለመተማመን ድምፅ ቀርቦበት ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ካላመኑት ለምን አይሄድም?» አሉ። ዝም አልኩ። ዛሬ ያንን መልስ ልሞክር።

ክነሴት 120 ሰው ነው። ራቢን በ1992 ሲጀምር አቮዳ 44፣ ሜሬጽ 12፣ ሻስ 6 ወንበር ነበራቸው፤ ድምሩ 62። ሴፕቴምበር 1993 ላይ ሻስ ወጣ፣ 56 ቀረ። በሂሳብ ከሄድን ማለቅ ነበረበት፣ አይደል?

አላለቀም። ሐዳሽ 3፣ የአረብ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ደግሞ 2 ወንበር ነበራቸው። ሚኒስትር አልሆኑም፣ ኮአሊፅያ ውስጥም አልገቡም፤ ተቃዋሚው መንግሥቱን ሊጥል ሲመጣ ግን ከራቢን ጋር ይቆማሉ። 56 እና 5፣ 61። በዕብራይስጥ ጉሽ ሖሴም ይሉታል፣ መንገድ የሚዘጋ ስብስብ እንደማለት።

ያኔ ሕጉም ሌላ ነበር። ለመጣል 61 መሙላት ግዴታ አልነበረም፤ ድምፅ ከሰጡት የበዛው ያሸንፋል። በ1990 የሻሚር መንግሥት 60 ለ55 የወደቀው 5 የሻስ ሰዎች ስለቀሩ ነው። እስከ ዛሬ በአለመተማመን ድምፅ የወደቀው እሱ ብቻ ነው፣ ይገርማል። ስለዚህ አናሳ መንግሥት ሁሌ ሰው ይቆጥራል፦ ማን ታሟል? ማን ውጭ አገር ነው? ቂዙዝ የሚባልም አለ፤ ከእናንተ አንዱ ከታመመ ከእኛም አንዱ ይቀራል ብሎ መስማማት ነው።

ግን በነፃ አይደለም። በ1995 መንግሥት ምሥራቅ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከ500 ዱናም በላይ መሬት ሊወርስ ወሰነ። እነዚያው ደጋፊ ፓርቲዎች ራሳቸው የአለመተማመን ሐሳብ አቀረቡ። ሊኩድ መሬቱ መወረሱን የሚጠላ አልነበረም፤ ራቢን ይውደቅ እንጂ ብሎ አብሬ እመርጣለሁ አለ። ራቢን ቆጠረ፣ አልሞላለትም፣ ውርሱን አቆመው።

ብዙዎች «የአይሁድ ብዙኃን የለውም» እያሉ ይነቅፉት ነበር። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። በክነሴት የአንዱ ድምፅ ከሌላው ያንሳል ካልን፣ ነገ የእኛስ ሰው ድምፅ ስንት ሊባል ነው?

አሁን መጣል በጣም ከብዷል። ከ2014 ሕግ ወዲህ 61 ሰው «ይሄ ይውረድ» ማለት ብቻ አይበቃውም፣ «በምትኩ ይሄ መንግሥት ይሁን» ብሎ በአንድ ላይ መስማማት አለበት። አንድን ሰው የሚጠሉ 61 ይገኛሉ፤ አንድን ሰው የሚወዱ 61 ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

የቤኔት መንግሥት በ2022 ከ61 ወርዶ 60፣ ቀጥሎ 59 ሲሆን ማንም በአለመተማመን ድምፅ አልጣለውም። ችግሩ ሕግ ማሳለፍ አቃተው። ጁን ላይ በዮሽ ላሉ ሰፋሪዎች የሚሠራውን ደንብ ለማደስ ሞክሮ 58 ለ52 ተሸነፈ፤ በወሩ መጨረሻ ራሱ መንግሥቱ ባቀረበው ሕግ ክነሴት ተበተነ።

ይህንን ለአያቴ ስነግራቸው «እንግዲህ ሳይገፉት ወደቀ በለኛ» አሉ። አዎ እማማ፣ እንደዚያ ነው።

በሚቀጥለው ስለ በጀት እናወራለን፤ በጀት እስከ ማርች 31 ካልጸደቀ ክነሴት ያለ ማንም ድምፅ ራሱ ይበተናል። ጥያቄ ካላችሁ ላኩልን።