የብስ ላይ የሚመረጥ ጀልባ

በረዶው ገና ሳይቀልጥ ታናሽ ወንድሜ በስልክ ሁለት ፎቶ ላከልኝ። የመጀመሪያው ፊቱ ሾል ያለ፣ ቆሞ እንኳ የሚበር የሚመስል ነጭ ጀልባ ነው። ሁለተኛው የሰው ቤት በረንዳ ከነሶፋውና ከነጥላው ተነቅሎ ውሃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ከሥር «ጋሼ፣ የቱን ልግዛ? ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው» ይላል። የሚኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቱ፣ ሦስት ልጆቹና ሁላችንም እማማ የምንላቸው አማቱ አብረውት አሉ። ስደውልለት ስለ ሞተሮቹ የፈረስ ጉልበት ሊያጫውተኝ ቸኩሏል። እኔ ደግሞ የቸኮልኩት የእማማን ጉልበት ልጠይቅ ነበር። ደረጃ ሲወርዱ አሁንም ያማቸዋል አለኝ። ቀጥዬ የመኪናውን ዓይነት ጠየቅሁት። የሚያስፈልገኝ ወሬ ግማሹ እዚያው አለቀ።

ፊቱ ሾል ያለው «ቦውራይደር» ይባላል። ከመስታወቱ ወዲያ፣ አፍንጫው ላይ፣ ክፍት መቀመጫ አለው፤ ልጆች ነፋስ እየመታቸው መሄድ የሚወዱት እዚያ ነው። ምስጢሩ ግን ከሥር ነው። ሆዱ እንደ ማረሻ የሾለ ነው። ሲያዘግም ውሃውን እየገፋ ይሄዳል፤ ፍጥነት ሲጨምር ብድግ ብሎ በውሃው ላይ ይንሸራተታል፤ ማዕበል ሲመጣም በዚያ ስለት ይሰነጥቀዋል። ቀድሞ የነበሩት ፈጣን ጀልባዎች ከፊት ቢሾሉም ኋላቸው ጠፍጣፋ ስለነበር ማዕበል ላይ የተሳፋሪ ወገብ ይፈትኑ ነበር። ሬይ ሀንት የተባለ አሜሪካዊ ንድፍ አውጪ ሹልነቱን እስከ ኋላ ድረስ አዘለቀው። እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ ወደ ናሶ በተካሄደው ውድድር፣ ባሕሩ ተቆጥቶ ሳለ፣ በዚህ ንድፍ የተሠራችው የዲክ በርትራም «ሞፒ» ሁሉንም ጥላ ስትገባ ክርክሩ አበቃ።

በረንዳው ደግሞ «ፖንቱን» ነው። የእሱ ታሪክ ባሕርም ውድድርም የለበትም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሚኔሶታ ውስጥ አምብሮስ ዊረስ የተባለ ሰው የብረት በርሜሎችን ጫፍ ለጫፍ በይዶ፣ በሁለት ረድፍ አሰልፎ፣ በላያቸው የእንጨት ወለል ዘረጋ። ዛሬ በርሜሎቹ በአሉሚኒየም ቱቦ ተተክተዋል። ክብደቱን የሚሸከሙት ግራና ቀኝ ዳር ላይ ስለሆነ ሰው ከወዲህ ወዲያ ቢል ብዙም አይወዛወዝም፤ ወለሉም ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ነው። በር ተከፍቶ እንደ ሳሎን ይገባበታል። ቦውራይደር ውስጥ የሚገባው ግን ጠርዙን ተሻግሮ፣ ወንበር ረግጦ፣ ቁልቁል ወርዶ ነው።

የቤተሰብ ጀልባ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ተጎታች ላይ ነው። ብዙ ገዢ ይህን የሚያስበው ከገዛ በኋላ ነው። ወንድሜ ሌክ አና ለመድረስ ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ደቡብ 70 ማይል ገደማ እየጎተተ መንዳት አለበት። በአሜሪካ መንገድ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚጎተት ጀልባ ወርዱ ከ8 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም ከ2.59 ሜትር ማለፍ የለበትም። ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ሁለቱንም ከዚያ ልክ ሳያሳልፉ ይሠሯቸዋል። ልዩነቱ ነፋስ ላይ ነው። ቦውራይደር ተጎታቹ ላይ ዝቅ ብሎ ይተኛል። የፖንቱን አጥርና ሶፋ ግን ነፋስ ይይዛል፤ ትልቅ የጭነት መኪና በጎኑ ሲያልፍ መሪው ላይ እጅህ ያውቀዋል። ፖንቱንን ከመሃል አንስቶ የሚሸከም ጠባብ ተጎታች አለ፤ ለአጭር መንገድ ይሆናል እንጂ ለአውራ ጎዳና፣ ሻጩ ቢመርቅበትም፣ አልመክረውም። ደግሞም የሰፈሩ ማኅበር፣ ኤች ኦ ኤ የሚሉት፣ ጀልባ ግቢ ውስጥ ማቆም ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ብዙው አይፈቅድም፤ የማቆሚያ ኪራይ ደግሞ በየወሩ ይመጣል።

ክብደትን በተመለከተ ሻጭ የሚናገረውን ቁጥር እንዳለ የሚወስድ ሰው ይሸወዳል። «ደረቅ ክብደት» የሚባለው ቤንዚኑም፣ መልሕቁም፣ የበረዶ ሳጥኑም የሌሉበት ነው፤ አንዳንዴ ሞተሩ ራሱ አይቆጠርም። ተጎታቹም ለብቻ ነው። የወንድሜን ቦውራይደር ወረቀት ላይ አሰላነው፦ ጀልባው ከነሞተሩ 2,800 ፓውንድ፣ ተጎታቹ 900፣ 30 ጋሎን ቤንዚን በጋሎን 6 ፓውንድ ሲታሰብ 180፣ ዕቃው 250። ድምሩ 4,130 መጣ። የእሱ ባለ ቪ6 ሃይላንደር ለመጎተት ተዘጋጅታ የወጣች ስለሆነች እስከ 5,000 ትችላለች፤ ትንፋሽም ይተርፋታል። የባለቤቱ ሃይብሪድ ሲየና ግን አቅሟ 1,500 ብቻ ነው፤ «አንዳንዴ እሷ ትጎትተዋለች» የሚለውን ከአሁኑ እርሳው አልኩት። ባለ ሁለት ቱቦው ፖንቱን ከዚህ ትንሽ ይቀልል ነበር። ሻጩ ሊሸጥለት የሚፈልገው ባለ ሦስት ቱቦና ትልቅ ሞተር ሲመጣ ግን ቅለቱም የሃይላንደሯ ትንፋሽም ይጠፋል። ሌላው ነገር አጫጫን ነው። ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ መኪናው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፤ ኋላው ከከበደ ተጎታቹ መንገድ ላይ እንደ እባብ መጥመልመል ይጀምራል።

ትዳር የሚፈተነው ጀልባ ውሃ በሚገባበት ቁልቁለት ላይ ነው፤ እዚህ ራምፕ ይሉታል። ቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ አለ፤ ከኋላህ የቆሙት ክንዳቸውን አጣጥፈው ያዩሃል። ወደ ኋላ ስትነዳ መሪውን ወደ ቀኝ ካልክ ተጎታቹ ወደ ግራ ይሄዳል። መላው እጅን መሪው ግርጌ ላይ አድርጎ፣ ተጎታቹ እንዲሄድ ወደተፈለገው ጎን እጅን መግፋት ነው፤ በትንሽ በትንሹ፣ ስፖኪዮ እያዩ። ሌላው ጣጣ ከጎማው መሃል ነው። 70 ማይል ሮጦ የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ተኮማትሮ ውሃ ይስባል። ግራሶው ከውሃ ተደባልቆ እንደ ወተት ሲነጣ ካየኸው ኩሽኔታው አብቅቶለታል። እንዲበርድ ጥቂት ቆሞ መጠበቅ፣ ግራሶ በጊዜው መቀየር፣ የተጎታቹን ተቀያሪ ጎማ መያዝ ይሻላል። አውራ ጎዳና ዳር ባለቤት አልባ ቆሞ ያየሁት ጀልባ ሁሉ ችግሩ ከታች ነበር።

ቡሿም አለች። ከቦውራይደሩ ኋላ ግርጌ፣ የገባው ውሃ የብስ ላይ እንዲፈስ፣ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ከመንከር በፊት ትደፈናለች። እኔ አንድ ጊዜ ረስቻታለሁ። እግሬ ሥር ምንጣፉ ሲርስ የበረዶ ሳጥኑ ያፈሰሰ መስሎኝ ክዳኑን ስፈትሽ ነበር። ባለቤቴ ይህን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር ትናገራለች።

ሌክ አና ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ በ1970ዎቹ የኖርዝ አና የኑክሌር ማመንጫን እንዲያቀዘቅዝ ተገደበ። በግድብ ለሁለት ተከፍሎ ሞቃቱ ወገን የሐይቁ ዳር ባለቤቶች ብቻ፣ ቀዝቃዛው የሁሉም ነው። ክንዶቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆኑ ማዕበል አያድግባቸውም፤ ለእንዲህ ያለው ፖንቱን ይበቃል፣ እንዲያውም ይመቻል። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሌላ ነገር ነው። አማካይ ጥልቀቱ 21 ጫማ ገደማ ብቻ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ይሆናል። እዚያ ፊቱ ላይ ሰው የሞላ ፖንቱን በድንገት ፍጥነት ቢቀንስ አፍንጫው ይዘቀዝቅና ውሃው ወለሉን ጠርጎ ያልፋል። ሹሉ ሆድ እንጀራውን የሚበላው እዚህ ነው። ወንድሜን ቼሳፒክ ትሄዳለህ ወይ አልኩት። «ምናልባት አንድ ቀን» አለኝ። ለምናልባት ያን ያህል ገንዘብ አይወጣም።

ሞተሩ ላይ ግን አላመነታም። የፎቶው ቦውራይደር ሞተሩ ከሆዱ ውስጥ ሆኖ ማሽከርከሪያው ከኋላ የወጣ ነው፤ ቮልቮ ፔንታ በ1959 ለገበያ ያወጣው ዘዴ ነው። ፖንቱኑ ከኋላ የሚንጠለጠለውን አውትቦርድ ይዟል። ይህን በ1909 ለገበያ አቅርቦ ታዋቂ ያደረገው ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። ለእጮኛው አይስክሬም ሊያመጣላት ቀዝፎ ሲመለስ ቀልጦበት፣ በዚያ ንዴት ሞተሩን ሠራ ይባላል። ወሬው ስለሚጥመኝ አልመረምረውም። የእኔ ምክንያት የቨርጂኒያ ብርድ ነው። ውስጥ የተቀመጠው ሞተር ውሃው በደንብ ካልተንጠፈጠፈ በብርዱ ወራት ይቀዘቅዝና በረዶው ብረቱን ይሰነጥቀዋል። አውትቦርድ ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃውን ራሱ ያፈሳል። ውስጠኛው ከመነሳቱ በፊትም የቤንዚን ትነቱን ማራገቢያው ለ4 ደቂቃ ማስወጣት አለበት፤ ሦስት ልጆች «እንሂድ» እያሉ 4 ደቂቃ ረጅም ነው።

የቱም ቢገዛ የማይቀሩ ነገሮች አሉ። በፌዴራሉ ደንብ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይፍ ጃኬት መልበስ አለባቸው። ከ2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች የሆነ ጀልባ ነጂ፣ ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ከራሱ ጋር ማያያዝ አለበት። ቨርጂኒያ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ የሚነዳ ሰው የጀልባ ደህንነት ትምህርት እንዲወስድ ትጠይቃለች። ለልጆቹ ግን እኔ የምደጋግምላቸው ሌላ ነው፦ ፖንቱን ሲሄድ ከፊቱ አጥር ውጭ እግር አንጠልጥሎ መቀመጥ የለም። የወደቀ ልጅ የሚያልፈው በሁለቱ ቱቦዎች መሃል ነው፤ ከኋላ ፕሮፔለሩ አለ።

ሳይሞከር አይገዛም ብዬ ስለነበር ሻጩ ሁለቱንም ውሃ ላይ አሰለፈልን። ትልቁ ልጅ ዘሎ ቦውራይደሩ አፍንጫ ላይ ተቀመጠ። እማማ ነጠላቸውን ሰብስበው ጠርዙን፣ ወንበሩን፣ ቁልቁለቱን አዩና «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» አሉ። የፖንቱኑ በር ሲከፈት ግን ማንም ሳይደግፋቸው ተሻግረው ገቡ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ። ወንድሜ አየኝ። ልጁ ላይ ላዩን አኮረፈ። እማማ ወለሉን በእግራቸው ዳበስ አድርገው «ረከቦቱ እዚህ ጋ ይሆናል» አሉ። ወንድሜ ቤንዚን ባለበት ከሰል እንደማይለኮስ ሊያስረዳቸው ሲጀምር፣ ትልቅ ፔርሙዝ እኔ እገዛለሁ ብዬ አቋረጥኩት።