ትንፋሽ ተይዞ የሚነሣ ራጅ

የደረት ራጅ የሳንባ ነቀርሳንና የሳንባ ምችን ምልክቶች በፍጥነትና በአነስተኛ ወጪ የሚያሳይ ምርመራ ቢሆንም፣ ልብ ስለሚመታና ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ ከትንፋሽ ጋር ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ምስሉ በቀላሉ ይደበዝዛል። የእንቅስቃሴ ብዥታ የሚባለው ይህ ጉድለት የቀጫጭን የደም ሥሮችን ጠርዝ ያጠፋል፤ ትንሽ ቁስልንም ሊሸፍን ይችላል። ልምድ ያለው ዓይን መነሻውን ከምስሉ ላይ ያነበዋል፦ በልብ ግራ ጠርዝ አጠገብ ያለው ብቻ ከደበዘዘ ምክንያቱ የልብ ምት ሊሆን ይችላል፤ ድያፍራሙና የጎድን አጥንቶቹ አብረው ከደበዘዙ ግን ታካሚው ተንፍሷል ወይም ተንቀሳቅሷል።

የብዥታው መጠን የሚወሰነው አካሉ በሚንቀሳቀስበት ፍጥነትና ጨረሩ በሚቆይበት ጊዜ ነው። በሰከንድ 50 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ጠርዝ፣ ጨረሩ 20 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ 1 ሚሊ ሜትር፣ 100 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። የአውሮፓ የጥራት መመሪያ አዋቂ ሰው ደረቱን ወደ ምስል መቀበያው አዙሮ ሲነሣ ጊዜው ከ20 ሚሊ ሰከንድ እንዳይበልጥ የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህም የመሣሪያውን አቅም ይጠይቃል፤ በ200 ሚሊ አምፒር የኤሌክትሪክ ፍሰት 20 ሚሊ ሰከንድ የሚበቃው ምስል በ50 ሚሊ አምፒር 80 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል።

ከመሣሪያው ይልቅ ቸል የሚባለው ግን ታካሚው ትንፋሹን እንዲይዝ የሚነገረው ትእዛዝ ነው። ከሲዳማ ገጠር ለሕክምና ወደ ሐዋሳ ከተማ የሚመጣ ሲዳምኛ ተናጋሪ አረጋዊ «አባባ፣ አየር ይሳቡና ይያዙ» ቢባል አማርኛ ካልሰማ እንዴት ይታዘዛል? ትእዛዙ በታካሚው ቋንቋ መነገርና የራጅ ማንሻው ቁልፍ ከመጫኑ በፊት አንድ ጊዜ መለማመድ አለበት፤ ይህም አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ቁልፉ ራሱ ሁለት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያው መሣሪያውን ያዘጋጃል፣ ሁለተኛው ጨረሩን ይለቃል። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ብዙ መያዝ ስለማይችል፣ ጠንቃቃ ባለሙያ ታካሚው አየር ሲስብ የመጀመሪያውን ይጫንና ደረቱ ሞልቶ ሲቆም ሁለተኛውን ያስከትላል። ሕፃን ግን ትእዛዝ አይሰማምና የሆዱን እንቅስቃሴ እያዩ አየር ስቦ የሚሞላበትን ቅጽበት መጠበቅ ነው።

ደብዛዛን ምስል በኮምፒዩተር ማጥራት ያጓጓል፤ ነገር ግን በምስሉ ላይ ያልተመዘገበን ነገር ሶፍትዌር ከየትም አያመጣውም፣ ምስሉን መድገም ደግሞ ተጨማሪ ጨረር ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ያልገባው ታካሚ ወይም አስታማሚው ከመነሣቱ በፊት እንዲደገምለት ይጠይቅ።