በአውሮፓ የሌሊት ባቡር የትኛውን አልጋ እንምረጥ?



በስኮላርሺፕ ወደ አውሮፓ ለምትሄዱ እህትና ወንድሞች፦ ማታ ቪየና ተሳፍራችሁ ጠዋት ሮም መውረድ ይቻላል፤ የአንድ ሌሊት የሆቴል ወጪም ይቀርላችኋል። ከእነዚህ ባቡሮች ብዙዎቹን የሚያንቀሳቅሰው «ናይትጄት» የተባለው የኦስትሪያ ምድር ባቡር አገልግሎት ነው። ትኬት ስትቆርጡ ወንበር፣ ኩሼት ወይስ የመኝታ ፉርጎ ትባላላችሁ።

ወንበሩ ርካሽ ነው፤ ግን አንገት ተይዞ ይነጋል።

ኩሼት ማለት የእኛው ዶርም ነው ብላችሁ አስቡት። በአንድ ክፍል አራት ወይም ስድስት ተደራራቢ አልጋ አለ፤ ትራስና ብርድ ልብስ ይሰጣል፤ ሰዉ ከነልብሱ ይተኛል። ልብ በሉ፦ ካልጠየቃችሁ በስተቀር ወንድና ሴት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ክፍል ሊመደቡ ይችላሉ። እህቶች ትኬት ሲቆርጡ «የሴቶች ክፍል» የሚለውን ይምረጡ፤ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ ለማስቀየር መሞከር አድካሚ ነው። በፈረንሳይ የአገር ውስጥ የሌሊት ባቡሮች ደግሞ ከወንበር ሌላ ያለው ኩሼት ብቻ ነው፤ አንደኛ ማዕረግ አራት፣ ሁለተኛ ማዕረግ ስድስት አልጋ።

የመኝታ ፉርጎ ከአንድ እስከ ሦስት አልጋ ያለው ክፍል ነው። አልጋው በነጠላ ሲሸጥ ወንድና ሴት ይለያያሉ፤ ባልና ሚስት ክፍሉን ሙሉ ይይዙታል። ዋጋው ይከብዳል። ነገር ግን የእጅ መታጠቢያ እዚያው ክፍል ውስጥ ስላለ ለውዱእ እንደ እሱ የሚመች የለም፤ በጣም ውድ የሆነው ሻወርና ሽንት ቤትም አለው። ኩሼት የያዘ ሰው በፉርጎው ጫፍ ወዳለው መታጠቢያ ይሄዳል፤ በሚወዛወዝ ባቡር እግርን እዚያ ማጠብ ቀላል አይደለም። በውዱእ ላይ ሆኖ ኹፍ ለብሶ መሳፈር ይህን ያቀላል።

ከ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲሶቹ የናይትጄት ባቡሮች ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ተቆላፊ ትንሽ ካቢን መጥቷል። ብቻውን ለሚጓዝ ተማሪ፣ በተለይ ለእህቶች፣ እኔ ከስድስት አልጋው ኩሼት ይህን አስቀድማለሁ። ቆሞ ለመስገድ ግን አይበቃም።

ላይኛው አልጋ ከሰው ዓይን ይሰውራል። ለሱብሒ የሚነሳ ግን ታችኛውን ቢይዝ መሰላል በጨለማ ከመውረድ ይድናል፤ የስልኩንም ማንቂያ በንዝረት ያድርገው። ባቡሩ ሲታጠፍ አቅጣጫው ስለሚቀየር ቂብላን ማታ አይታችሁ አትተኙ፤ ስትነሱ እንደገና ተመልከቱ።