ከጉልላት የተጀመረ መቅደስ

ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ በህንድ የዴካን አምባ ላይ ስመ ጥር የጦር መሪና የመንግሥት እንደራሴ እስከ መሆን የደረሰው መሊክ አምባር፣ እ.ኤ.አ. በ1610 ኻድኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ። ከተማዋ በኋላ አውራንጋባድ ተባለች፤ ዛሬ ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር የሚል ስም ወጥቶላታል። እሱ ራሱ በ1626 ሲያርፍ የተቀበረው ከዚያ ብዙም በማትርቀው በኩልዳባድ ነው። ከኩልዳባድ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ሲሉ ኤሎራ ይገኛል። በኤሎራ ገደል ላይ፣ አምባር ከመወለዱ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ሰዎች አንድን ተራራ ከአናቱ ጀምረው ወደ ታች ፈልፍለው ቤተ መቅደስ አድርገውት ነበር።

ስሙ ካይላስ ነው። ካይላስ በሂንዱ እምነት አምላክ ሺቫ ከባለቤቱ ከፓርቫቲ ጋር የሚኖርበት በሂማላያ ያለ ተራራ ነው። ስለዚህ የኤሎራው ሕንፃ የተራራ ምሳሌ ነው፤ የተሠራውም ከተራራ ነው። ይህን ሳይዙ ወደ ግቢው የሚገቡ ሰዎች የሚያዩት የቅርጽ ብዛት ብቻ ነው። ይህን ከያዙ ግን ከደቡብ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር የተቀረጸው ትዕይንት ይገባቸዋል፦ ብዙ ራስና ብዙ ክንድ ያለው የላንካው ንጉሥ ራቫና ከታች ሆኖ ተራራውን ሊነቅለው ይታገላል፣ ፓርቫቲ ደንግጣ ወደ ባሏ ትጠጋለች፣ ሺቫ ግን በእግሩ ጣት ብቻ ተጭኖ ተራራውን ያረጋዋል። ቀራጮቹ ይህን ታሪክ ለማኖር ከመቅደሱ መሠረት የተሻለ ቦታ ሊያገኙ አይችሉም ነበር።

የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ያየ ሰው የሥራውን ዘዴ ለመረዳት አይቸገርም። በቅድሚያ ዙሪያው ይቆፈራል፤ መሐል ላይ አንድ ወጥ አለት ተነጥሎ ይቀራል፤ ከዚያ ጠራቢው ጉልላቱን ቀርጾ እየጨረሰ ወደ ታች ይወርዳል። መወጣጫ እንጨት አያስፈልገውም፤ ገና ያልተነካው አለት ራሱ መቆሚያው ነው። በካይላስ ግን ጥልቀቱ ያስደነግጣል። ከኋላ ያለው የገደል ግድግዳ 30 ሜትር ያልፋል፣ ግቢው ከ80 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከዚያ ስለወጣው ድንጋይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት 200,000 ቶን ነው። አለቱም እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ባዛልት ነው፤ መሣሪያው ደግሞ መዶሻና መሮ።

በጡብ የሚሠራ ግንበኛ ቢሳሳት አፍርሶ መልሶ ይገነባል። ጠራቢ ግን አንዴ የሄደበትን ክንድ ያህል ድንጋይ የሚመልስበት መንገድ የለውም። ገና ጉልላቱን ሲጀምር ከሥር የሚመጣውን ዝሆን፣ ዓምድና ደረጃ ሁሉ በልቡ ይዞ መውረድ አለበት። እኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ መጠኑ ሁለተኛ ነው።

ሥራውን አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ለራሽትራኩታ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ለቀዳማዊ ክሪሽና ይሰጣሉ፤ የነገሠውም በ8ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። ከእሱ በኋላ፣ በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተጻፈ የመዳብ ሰሌዳ ስለዚህ መቅደስ ሲናገር፣ በሰማይ የሚያልፉ አማልክት አይተው ይህ የሰው እጅ ሥራ አይደለም እንዳሉ፣ ሠሪው ራሱም እንዴት እንደሠራው ግራ እንደተጋባ ይተርካል። የአካባቢው አፈ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ንጉሡ ታመመ፤ ንግሥቲቱም ባሏ ከዳነ ለሺቫ መቅደስ ልታሠራ፣ ጉልላቱን በዓይኗ እስክታይ ድረስም ላትበላ ተሳለች። ንጉሡ ዳነ። ሠራተኞቹ ግን ጉልላት ለማድረስ ወራት ያስፈልጋል አሉ። ኮካሳ የሚባል አንድ ጥበበኛ ብቻ በሳምንት አሳይሻለሁ ብሎ ከተራራው አናት ጀመረ፤ ንግሥቲቱም ጾሟን ፈታች። ላሊበላን ሌሊት ሌሊት መላእክት አግዘው እንደሠሩት ሲነገር ላደገ አንባቢ ይህ ሁሉ ባዕድ አይሆንበትም።

ወደ ካይላስ ውስጥ የሚወስደው መንገድም ትምህርት አለው። በሩን አልፎ፣ የሺቫ በሬ የናንዲ ማረፊያ ዘንድ ደርሶ፣ 16 ዓምዶች ወደ ቆሙበት አዳራሽ ይገባል። ቅርጽ እየቀነሰ፣ ብርሃን እየመነመነ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ትንሽና ጨለማ ክፍል አለች፤ በሳንስክሪት ስሟ የማኅፀን ቤት ማለት ነው። የሺቫ ምልክት የሆነው ሊንጋ ያለው እዚያ ነው። በሂንዱ ሥርዓት ምእመን መቅደስን በቀኝ እጁ በኩል አድርጎ ይዞራል፤ አምላክ መሐል ነው፣ ሰው በዙሪያው።

ኤሎራ የሂንዱ ብቻ አይደለም። ቁጥር ከተሰጣቸው 34 ዋሻዎች 12ቱ የቡድሃ፣ 17ቱ የሂንዱ፣ 5ቱ የጃይን እምነት ናቸው። ሁሉም በአንድ ገደል ላይ ተደርድረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የቡድሃዎቹ ዋሻዎች አብዛኞቹ መነኮሳት ያደሩባቸውና የተማሩባቸው ገዳማት ናቸው። ከእነሱ መካከል 10ኛው ዋሻ የጸሎት አዳራሽ ነው። ከፍ ያለ ቅስት ጣሪያ አለው፤ በመጨረሻው ላይ ስቱፓ የሚባለው ጉልላት መሰል ቅዱስ ሐውልት፣ ከስቱፓው ፊት ደግሞ የተቀመጠ ቡድሃ። ጣሪያው ላይ እንደ ጎድን አጥንት የተደረደሩ ወራጆች ይታያሉ። ግን ወራጅ አይደሉም፤ ከዚያው አለት ላይ የተቀረጹ ናቸው፣ አንዳች ነገር አይሸከሙም። የቀድሞ የቡድሃ ጸሎት ቤቶች በእንጨት ይሠሩ ስለነበር፣ ጠራቢዎቹ አባቶቻቸው የጸለዩበትን ቤት መልክ በድንጋይ አቆዩት። የአገሬው ሰው ይህን ዋሻ እስከ ዛሬ የአናጢው ዋሻ ይለዋል።

በላሊበላ ቅዳሴው አልተቋረጠም። በካይላስ ግን ዛሬ የሚበዛው ጎብኚ ነው፤ ጥበቃውም በህንድ የቅርስ መሥሪያ ቤት እጅ ነው። በሺቫ የሚያምነው ተሳላሚ የሚሰለፈው ከዋሻዎቹ ጥቂት ወረድ ብሎ ባለው በግሪሽኔሽዋር ነው። እሱ ከ12ቱ ታላላቅ የሺቫ መቅደሶች አንዱ ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት በንግሥት አሂልያባይ ሆልካር ዳግም የታነጸ ነው። ወንዶች ወደ ማኅፀን ቤቱ የሚገቡት ልብሳቸውን ከወገብ በላይ አውልቀው ነው።