ጫጩቶችን በአምፖል ስናሞቅ እንጠንቀቅ!

ዛሬ እኛ ቤት ከደረሰው ነገር ተነስቼ ስለ ጫጩት ማሞቂያ አምፖል ልነግራችሁ ነው።

አምና እማዬ 20 የአንድ ቀን ጫጩቶች ገዛች። የምታቅፋቸው እናት ስለሌለች ትልቅ ካርቶን ውስጥ ሰጋቱራ አንጥፈን አምፖል ሰቀልንላቸው። የሰቀልነው ግን በራሱ በመብራቱ ገመድ ነበር። ሌሊት ቋጠሮው ተፈታና አምፖሉ ሰጋቱራው ላይ ወደቀ። እማዬ ጭስ ሸቷት ነቃች፤ ሮጣ ሶኬቱን ነቀለች። ቤታችን ከመቃጠል ለጥቂት ተረፈ፤ 6 ጫጩቶች ግን ሞቱ። ቋጠሮውን ያሰርኩት እኔ ነበርኩ።

ለመሆኑ ጫጩት ሙቀት ለምን ይፈልጋል? ገና የተፈለፈለ ጫጩት ላባ ስላላበቀለ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልገዋል። ከዚያ በየሳምንቱ አምፖሉን ከፍ እያደረግን 3 ዲግሪ ገደማ እንቀንሳለን።

ቴርሞሜትር ከሌለስ? ጫጩቶቹን ማየት ነው! አምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮሁ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው፣ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሙቀቱ በዝቶባቸዋል። ተበታትነው ከበሉና ከተኙ ተመችቷቸዋል ማለት ነው። ስለዚህ አምፖሉ በአንድ ወገን ብቻ ይሁን፤ የሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ያገኛል።

አሁን እኛ ቤት እንዲህ እናደርጋለን፦

1. አምፖሉን በጠንካራ ሽቦ ከጣሪያው ጋር እናስራለን። ከሰጋቱራው ግማሽ ሜትር ያህል ይርቃል።
2. ጨርቅ፣ ጭድ ወይም ካርቶን አምፖሉን እንዲነካ አንፈቅድም።
3. የውሃ መጠጫውን ከአምፖሉ እናርቃለን። የጋለ አምፖል ውሃ ከነካው ሊፈነዳ ይችላል።
4. ቆጣቢ አምፖል አንጠቀምም፤ ብርሃን እንጂ በቂ ሙቀት አይሰጥም።
5. አምፖል የሚቀይረው ትልቅ ሰው ነው፤ እሱም ሶኬቱን ነቅሎ፣ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ።
6. መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን መሃላቸው እናስቀምጣለን። ሻማ ግን በፍጹም!

ከአምናዎቹ የተረፉት 14ቱ አድገዋል፤ ሴቶቹም እንቁላል ጀምረዋል። ዘንድሮም ሌላ 20 ጫጩቶች አሉን። እኔ ግን ማታ ማታ ሽቦውን ሳላይ አልተኛም። እናንተም ቤት ጫጩት ካለ ዛሬውኑ ቀና ብላችሁ አምፖሉ በምን እንደታሰረ እዩ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

ከ6ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል